የንግሥቲቱ ፈረቃ

ሐረገወይን ቀረች። ቂሊንጦ ያለው ፋብሪካ
ፈረቃዋን ገልብጦ ወደ ማታ ወሰደባት፤
እኛ እዚህ ልምምድ ስንገባ፣ እዚያ ስፌት መኪናዋ ላይ
የሸሚዝ አንገት ተቆለለባት።

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የስንዴው ማሳ የሚጀምርበት፣
በር ያልተገጠመለት የምድር ቤት ሱቅ፣ ሲሚንቶ የተከመረበት፤
ቤተ መንግሥታችን ይኸው ነው።
ዙፋኑ የተደፋ የቀለም ባልዲ፣
ወንዙ ሰማያዊ ላስቲክ ነው።

መምህርት ብዙዓየሁ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
አንድ በአንድ አየችን፤ እኔ ዘንድ ስትደርስ ቆመች።
«ወንድይፍራው፣ ንግሥት ሁን» አለች።

ሳቅ ሆነ። ባልዲው ሳይቀር የሳቀ መሰለኝ።
አባቴ ወንድ እንዲፈራኝ ብሎ ስም አውጥቶልኝ፣
እኔ ግድግዳ ለሳኝ፣ ጣቴን ኖራ የበላኝ፣
ንግሥት! ያውም ጢሜን ሳልላጭ!

በወጣትነቷ ፑኔ ተምራለች፤
የሕንዶችን የጥንት ቲያትር ከዚያ ካመጣችው ደብተር ታነብልናለች።
«ንጉሡ በሳንስክሪት ነው፣ በተሞረደ፣ በተማረ ቃል፤
ሚስቱ ግን፣ ንግሥትም ብትሆን፣ በሠፈር ቋንቋ፣
በደንገጡሯ ቋንቋ ትመልስለታለች።
አንድ አልጋ፣ ሁለት አንደበት» ትላለች።

እሷም ድርሰቷን በዚያ ወግ ጻፈችው፤
ንጉሡ ይትባረክ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ቅኔ ቤት አቋርጦ የወጣው፣
በግዕዝ ተሰናብቶ ይዘምታል፤
እኔ በአማርኛ ደጃፍ ይዤ እቀራለሁ።

ደብተሩ ደግሞ ይላል፦ ሐዘን ሲመጣ ታላቅ ሰው ይችለዋል፣
ሴትና ሎሌ ያለቅሳሉ።
ይህን ስታነብ አፏን ታጣምማለች።
«ስሜት ጣዕም ነው፤ ራሳ ይሉታል።
ግን ላብ፣ የድምፅ መሰንጠቅ፣ የፀጉር መቆም፣ እንባ፣
እነዚህ በትእዛዝ አይመጡም፤ ውስጥህ ካልተነሣ…»
መብራት ጠፋ።
የቀሩትን ምልክቶች በጨለማ ቆጠረችልን።

በስልክ መብራት ቀጠልን። ነጠላ አከናነበችኝ፣ የሐረገወይንን።
«ነይ» አለችኝ። «ቁሚ። ቀና በዪ። ሊሄድ ነው፣ እዪው።»
እናቴ ብቻ ነበረች፣ ገና ጡት ሳልጥል፣ በ«ነይ» የምታቆላምጠኝ፤
ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራኝ።

እዪው ስትለኝ ንጉሥ አልታየኝም።
ዳምጠው ታየኝ። ብሎክ ዘጠና ሦስት፣ አራተኛው ፎቅ፣
መወጣጫው ሲከዳው ባልዲዬን ያልለቀቀው።
ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ደረት ሲደቁ
እኛ ድንኳኑ ጥግ ካርታ ተጫወትን፤
ሦስት ቀን። ጆከር ሁለት ጊዜ ደረሰኝ።
«በርታ እንጂ፣ ወንድ አይደለህ?» አሉኝ፤
እንባዬን ከንፍሮው ጋር ዋጥኩት።

አሁን ጉልበቴ ቀደመ። ከዚያ ድምፄ።
ከዚያ እንባው፣ በጢሜ መሐል፣ የቀኑን ኖራ እያጠበ።
የተጻፈልኝ ቃል ጠፋኝ፤
«ባልዲው ይውደቅ ብልህ ምን ነበረበት?» አልኩት ንጉሡን።

ተራው የይትባረክ ነበር። «በከይኩ» ይላል ድርሰቱ፣
ንጉሥ ሲያለቅስ እንኳ በግዕዝ ነዋ!
አላለውም። አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ
«አለቀስኩ እኮ፣ አንተ ሰው!» አለኝ፣
ሂሳብ እንደሚቀበል፣ እንደ ባጃጁ ቋንቋ።

ሌሊት በስንዴው ጠርዝ ሳዘግም፣ ጅብ ከወዲያ ሲጮህ፣
ቃሏን በአፌ አገላበጥኳት።
አለቀሰ፣ ወንድ ነው። አለቀሰች፣ ሴት ናት።
አልቅስ። አልቅሺ።
በሰው አፍ ስንነገር ልብስ ያለብሱናል።
«አለቀስኩ» ግን
ማን እንዳላት አትናገርም፤
በከይኩም እንደዚያው።

ሐረገወይን በእረፍቷ ደወለች።
«ማን ሆነ ንግሥቲቱ?»
«እኔ።»
ዝም አለች። ከኋላዋ መኪኖቹ ይጮሃሉ።
«ስታለቅሺ» አለች፣ «ነጠላዬን እንዳታበላሺብኝ።»